የሚያናግረው ሰው ያጣ እንግሊዝኛ

ሦስት ዓመት! ቀነኒ እንግሊዝኛን ለብቻዋ ስታጠና ሦስት ዓመት ሞላት፤ አንዴ በስልኳ፣ አንዴ ሽፋኑ በተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ። ባዶ ቦታ ሙዪ ቢሏት ትሞላለች፤ አንብበሽ መልሺ ቢሏት ትመልሳለች። ለሰው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ተናግራ አታውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

አሁን ደግሞ የፊታችን ሰኞ ፈተና አለባት። ሚኤሶ ላይ ድርቅ ለጎዳቸው አርብቶ አደሮች እርዳታ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል። የጽሑፉን ፈተና አንደኛ ሆና አልፋለች፤ የቀራት የቃሉ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጭሮ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የከረመች ሴት፣ እንዲህ ያለ በር ሁለተኛ እንደማይከፈትላት ታውቃለች።

ከማን ጋር ትለማመድ? ባሏ ጂሬኛ ምንም ብትለው መልሱ "የስ" ነው። አንድ ማታ በእንግሊዝኛ ቤታችን ተቃጠለ ብትለው፣ "የስ" ብሎ እራቱን ቀጠለ። ጎረቤቷ ዓሊዩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ግን ገና ሰላም ስትለው በአማርኛ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራላታል። የጸሎት ቡድን እህቶቿ ፊት አንዴ ሞክራ ነበር፤ በሳቅ ፈረሱ፣ "ፈረንጇ" የሚል ስምም አወጡላት። ከዚያ ወዲህ የምታናግረው መስታወት ብቻ ሆነ፤ መስታወት ደግሞ አይመልስም።

ቅዳሜ አራስ እህቷን ልትጠይቅ የሂርና ሚኒባስ ተሳፈረች። ጎኗ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፈረንጅ! ፊቱ በላብ የራሰ፣ ጭኑ ላይ ደብተር የዘረጋ ጎልማሳ። ጌታ ጸሎቴን ሰማ አለች በልቧ። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ከየት እንደመጣ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

ሰውዬው በኦሮምኛ መለሰላት።

ያውም ምን ዓይነት ኦሮምኛ! ሴቱን ወንድ፣ ትናንትን ነገ የሚያደርግ። ደግማ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ እሱም ደግሞ በኦሮምኛ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከኋላ ያሉት የጫት ነጋዴዎች ያርሙታል፣ እሱ ይጽፋል። ቋንቋውን ለብቻው ማጥናት ከጀመረ አምስት ወሩ ነው፤ ያገኘው ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ካላወራሁህ እያለ መማሪያ አሳጥቶታል፤ እባክሽ አንቺ እንኳ በኦሮምኛ አናግሪኝ ብሎ ለመናት። አምስት ወር! በዚያ በተሰባበረ አፉ አገር ምድሩን ያስቃል፣ ቅንጣት አያፍርም። እሷ የሦስት ዓመቱን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

ዳገቱን እንደጨረሱ ደሟ ፈላ።

"ስማ" አለችው፣ በኦሮምኛ። "አንተ የምታናግረው ሐረርጌ ሙሉ ሰው አለህ። እኔ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ፈረንጁ ደብተሩን አጠፈ። ቀስ ብሎም ምን እንዲህ እንዳናደዳት በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

ነገረችው። የባሏንም፣ የጎረቤቷንም፣ የሰኞንም ነገረችው። ግሱ ይዛነፍ፣ ማያያዣው ይቅር፣ ማን ግድ አለው! ቃል ሲጠፋባት በእጇ እያሳየች ቀጠለች። እነዚያው ጫት ነጋዴዎች አሁን በእሷ ሳቁ፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ሲጠይቃት እየመለሰች፣ ሊያቋርጣት ሲሞክር በእጇ እያስቆመችው፣ ሂርና እስኪገቡ አፏ አላረፈም። እንዲያ ሲነድ የቆየ ሰው መቼም በአንድ ጊዜ አይበርድለትም።

ረዳቱ በሩን ሲከፍት፣ ከፊቷ የተቀመጡት መይሙና የሚባሉ አሮጊት ዞር አሉ። እንግሊዝኛ ከነጭራሹ አያውቁም። መጀመሪያ ፈረንጁን ከላይ እስከ ታች በጥርጣሬ ቃኙት፣ ከዚያ ወደ ቀነኒ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ይኼ ሰው ምን አድርጎሽ ነው መንገዱን ሙሉ የተቆጣሽው?"

ቀነኒ ምንም አላደረገኝም ልትላቸው አፏን ከፈተች። የቀደማት ግን እንግሊዝኛው ነበር።