የባንኩ ደጃፍ ወንበር

«ማበጠሪያውን አስቀምጪ! አባትሽ በተቀበረ በማግስቱ?»

አለች አክስቷ ቹ ኒዮ። ኡና ሄጋርቲ ማበጠሪያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በእናቷ ወገን፣ በፒናንግ ደሴት ቻይናውያን ወግ፣ ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯን አታበጥርም፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሳሎን ውስጥ የአባቷ የአገር ልጆች፣ አየርላንዶቹ፣ ፒፓቸውን እያጨሱ የሟቹን ቀልድ ያወራሉ። የፒናንግ ነጋዴዎች ግን ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ እየተንሾካሾኩ ይወጡ ነበር።

«ባንኩ በር ላይ ሰው ሞልቷል» አለ የአባቷ ባንክ ገንዘብ ያዥ ሊያንግ እያለከለከ። «ዶናል ከሞተ ገንዘባችንም አብሮ ሞቷል ይላሉ። ገንዘቡ እኮ አለ! ግን ቁንዶ በርበሬ ተገዝቶበት ባሕር ላይ ነው። ሁሉም ዛሬ ካወጡ አለቀልን።»

የኡና አባት ዶናል ፒናንግ የመጣው ከአየርላንዱ ኮርክ ወደብ በርሜል ሙሉ ቅቤ ጭኖ ነበር። ቅቤው ሙቀት ላይ ቀለጠ። ሌላው ነጋዴ ባሕር ውስጥ ሲደፋ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ አነጠረና ንጥር ቅቤ ለሚወዱት ሕንዶች፣ ለታሚሎቹ፣ ሸጠ። ባንኩ የተከፈተው በዚያ ገንዘብ ነው።

ኡና ልጅ ሳለች፣ የቁንዶ በርበሬ ዋጋ የወደቀ ጊዜ፣ ሕዝቡ እንዲሁ በሩን ሊሰብር መጣ። አባቷ ወንበር ደጃፍ አውጥቶ ጢም ላጪውን ቬሉን አስጠራ። «ቀስ ብለህ ላጨኝ፤ የምቸኩልበት የለኝም» አለና አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሕዝቡ ስቆ ተበተነ። ማታ ለኡና ብቻ «እግሬ ሲንቀጠቀጥ አላዩም» አላት።

ማበጠሪያውን ይዛ ተነሣች።

«ኧረ ሰው ምን ይላል?» አለች ቹ ኒዮ።

«እንዲል ነው የምፈልገው።»

ቬሉን አስጠርታ ወንበሩን ራሷ ጎትታ ባንኩ ደጃፍ አወጣች። ከሕዝቡ መሐል አንድ ቅመም ነጋዴ «አልቅሳ ልትሸኘን መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ለማልቀስማ ቤት ነበረኝ። ጋሽ ቬሉ፣ ፀጉሬን ያበጥሩልኝ። ቀስ ይበሉ፤ የምቸኩልበት የለኝም።»

ያረጀው ቬሉ የአባቷን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ማበጠር ጀመረ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። በሐዘን ፀጉሯን የምታስበጥር ሴት ማንም አይቶ አያውቅም።

«አይ፣ አባቷን ቁርጥ!» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ አሮጊት። «እኔ ዓሣዬ ሊበላሽብኝ ነው» ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች። ሌሎችም እየሳቁ ተከተሏት። ቅመም ነጋዴው መጨረሻ ላይ፣ እያጉረመረመ።

ደጃፉ ባዶ ሲሆን ቬሉ ፎጣውን ሊያራግፍ አነሣው። ዳሩ ላይ ደቃቅ ሽበት ተጣብቋል፤ የአባቷ የባለፈው ሳምንት ጢም።

«አያራግፉት» አለች።

ተቀበለችውና ሽበቱን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው። ከዚያ የሚንቀጠቀጡ ጉልበቶቿ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ተጫነችው።