ለቂም የተገዛ ራኬት

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ጥሏት ሲሄድ አላለቀሰችም። ያንገበገባት መሄዱ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት የተናገራት ነው። አንድ ቅዳሜ እሱ የሚጫወትበት ቴኒስ ሜዳ ዳር ተቀምጣ፣ «እስቲ እኔንም አስተምረኝ» ብትለው፣ በጓደኞቹ ፊት «አንቺማ ራኬት ብትይዢ ዝንብ ነው የምታባርሪበት!» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው አብራው የምትጫወተው ሴት ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ሻንጣውን ይዞ እዚያችው ሴት ቤት ገባ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ወደ ስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄደች። የባሏን የመሰለውን ጥቁርና ከባድ ራኬት ከግድግዳው አውርዳ ጨበጠች።

«ይሄን ስጠኝ።»

ሻጩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አያት። «ተጫውተሽ ታውቂያለሽ፣ እህቴ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ተይው። ክንድሽን ነው የሚገድለው።»

«ይግደለው! የማሸንፈው ሰው አለኝ።»

«ማንን?»

«ባሌ የነበረውን።»

ሻጩ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ቀለል ያለ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ራኬት አወረደላት። «በዚህ ኳሱን መሃል ለመሃል ባታገኚው እንኳ ይመልስልሻል። እስቲ ጨብጪው። በጣቶችሽና በመዳፍሽ መካከል የሌላው እጅሽ አንድ ጣት ከገባ፣ ልክሽ ነው።»

«እንደ ልብስ ይለካል እንዴ?»

«እንዴታ!»

ጣቷ ልክ ገባ። እሷ ግን ዓይኗን ከጥቁሩ አላነሳችም። «በዚህ ቀላል ነገር አጥብቄ መምታት እችላለሁ?»

«በንዴት የተመታ ኳስ አጥር ነው የሚሻገረው። አንቺ ዝም ብለሽ መልሺ። እንደሚመልስ ሰው የሚያናድድ የለም።»

ይሄኔ ቀላሉን ገዛች።

ከሱቋ ጀርባ ባለው ግንብ ላይ ጠዋት ጠዋት ኳስ ማንጠር ጀመረች። መጀመሪያ ኳሱ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ሲያርፍ ጎረቤቶቿ «ለየላት» አሉ። እሷ ግን ግንቡ ላይ የባሏን ፊት እያየች ጥርሷን ነክሳ መለሰች። እጇ ሲፈታ ከጀማሪዎች ጋር ሜዳ ገባች።

ዓመት ዞሮ አንድ ቅዳሜ ባሏ የነበረው ሰው ፊት ቆመች። «አንድ ጨዋታ።»

«አንቺ ምን ጉልበት አለሽና!» አላት፤ ጓደኞቹ ግን ግጠማት ብለው ገፋፉት።

እውነትም ጉልበት አልነበራትም። የሱን የግራ ጉልበት ግን ታውቀዋለች፤ ባበጠ ቁጥር በቅባት ስታሸው የኖረችው እሷ ናት። አንዱን ኳስ መረቡ ሥር ጣል፣ ቀጣዩን ከኋላው ጥግ ላይ። እሱ አጥብቆ ይመታል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ወደ ኋላ ይሮጣል። መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ማነከስ ጀመረ። በመጨረሻዋ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ ተንበረከከ።

«ጉልበቴን እያወቅሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«አዎ፣ እያወቅኩ» አለችው።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያዘነችለት መስሏት ልቧን ብትዳብሰው ምንም አላገኘችም።

«እንድገም!» አላት እየተነሳ።

«የሚደርስ ልብስ አለብኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይለምናታል። ከመጣው ሁሉ ጋር ትጫወታለች፤ ከሱ ጋር ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለች ነው።