ቁጥሩ ያልተሞላው ግልባጭ

ወይዘሮ ጽጌማርያም የልጅ ልጃቸው የምትፈልገውን ፋይል እንዳታገኘው ለገብርኤል ጃንጥላ ተስለው ነበር። ስለቱ የሰመረ መሰለ፤ ሥርጉት ሦስት ቀን ተመላልሳ ባዶ እጇን ገባች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን አለማግኘቷ ከማግኘቷ የባሰ ሆነባቸው።

ሥርጉት አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ጋዜጣ ትሠራለች። ዲላ የመጣችው፣ ጪጩ ላይ ለጤና ጣቢያ ተከልሎ የነበረ መሬት እንዴት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ሆኖ እንደቀረ ልታጣራ ነው። ነገሩ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ዝውውሩን የፈቀደው መሥሪያ ቤት ደግሞ አያቷ በጽሕፈትና በመዝገብ ቤት ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት የቆዩበት፣ ጡረታም የወጡበት ነው።

ባላቸው ከሞቱ፣ ልጃቸው ተሻለም አዲስ አበባ ከከተመ ወዲህ፣ በወይዘሮ ጽጌማርያም ቤት ከሬዲዮ በቀር የሚናገር የለም። ሥርጉት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትገባ ደስታና ሥጋት አብረዋት ገቡ። ፋይሉን ካጣች አንድ ቀን ትጨምራለች። ካገኘች ይዛው ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ የማን ዓይን እንደሚከተላት እግዜር ይወቅ። ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሁለቴ ወጥ አሳረሩ።

"ገሪማ ዛሬም ፋይሉ የለም ነው የሚለኝ፤" አለች ሥርጉት፣ የጫማዋን ክር እያሰረች። ገሪማ መዝገብ ቤቱን ከእሳቸው የተረከበው ሰው ነው። "ከፊቱ ያለው ቁጥር አለ፣ ከኋላው ያለውም አለ። መካከሉ ብቻ ባዶ ነው። እቴቴ፣ በአንቺ ጊዜ ፋይል ሲጠፋ ምን ታደርጉ ነበር?"

"ምን እናደርጋለን? ጠፋ ብለን እንጽፋለን።"

"በቃ?"

"በቃ። አይጥ የሚበላው ወረቀት ስንት አለ።"

"ይቺ አይጥ ቁጥር መርጣ ነው የምትበላው።" ሥርጉት ሣቀች። "ግድ የለም፤ ዛሬ መጋዘኑ ሄጄ ሰውየውን ራሱን እጠይቀዋለሁ።"

ወይዘሮ ጽጌማርያም ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ምን ይዘሽ?"

"ጥያቄ።"

"ባዶ እጅሽን ሰው ደጅ ቆመሽ ወሰድክ ልትዪው? ወረቀት ያልያዘ ሰው ወሬኛ ነው የሚባለው። ሲያባርሩሽም የሚያይልሽ የለም።"

"ታዲያ ወረቀቱን ከየት ላምጣው?"

አያትየው ነጠላቸውን በዓይናቸው ፈለጉ፤ ትከሻቸው ላይ ነበር። "ነዪ፤" አሉ። "አብረን እንሄዳለን። እሱ ጋ ግን አይደለም።"

በሚኒባስ ጪጩ ሄዱ። ሲወርዱ ነው የልጅቱን ክንድ ጨብጠው የተናገሩት። "የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብቻውን አይሄድም። ግርጌው ላይ ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሌ ይላል። ፋይል የሚያጠፋ ሰው የራሱን መደርደሪያ ነው የሚያጸዳው። ግልባጩ የደረሰበትን ቤት ሁሉ ማን ዞሮ ይለቅማል?"

"ይኼስ ለማን ነበር የተገለበጠው?"

"ወደ ጤና ጣቢያ ሊያድግበት የነበረውን መሬት ለተነጠቀው ክሊኒክ ነዋ። እንዲያውቀው።"

የአሮጌዋ ክሊኒክ ንብረት ጠባቂ ሸዋአለም ከበሩ ተቀበለቻቸው። "እትዬ ጽጌ፣ አሉ እንዴ? ጡረታ ሲወጡ መንገዱንም አብረው አስረከቡ?"

"እግሬ ነው ያስረከበኝ። የዘጠና ሦስትን ደብዳቤዎች አሳዪን።"

"ይኖራል። እዚህ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም፤ የሚጥል ስለሌለ።" ከቁም ሣጥኑ አናት አቧራ የለበሰ ቦክስ ፋይል አወረደች።

ደብዳቤው ተገኘ። በካርቦን የተመታ ስስ ወረቀት ነው። ሥርጉት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ መሬቱ "በቁጥር" በተሰጠው ውሳኔ መሠረት ለመጋዘን እንዲውል ተፈቅዷል። ከ"በቁጥር" ቀጥሎ ግን የነጥብ መስመር ብቻ ነበር።

"ቁጥሩ የለም።"

"ውሳኔውም አልነበረም፤" አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም። "ኃላፊው ቦታውን በነጥብ ተዪው፣ በኋላ ይሞላል አሉ። ዋናው ላይ በእስክሪብቶ የሆነ ቁጥር ሞሉበት። ግልባጮቹ ግን ያኔ ወጥተው ነበር። በእኛ ቤት ግልባጭ አያድርም።"

"ማን ላካቸው?"

ጣታቸውን በወረቀቱ ግራ ጥግ ላይ አሳረፉ። ጽሕፈት የመታው ሰው ምልክት እዚያ ነው የሚገባው። ጽ.ማ. ይላል።

ሥርጉት ፊደሎቹን ብዙ አየቻቸው። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር።"

"ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር። የጠየቀኝም የለም።"

"እኔ እኮ ጠየቅሁሽ። ዛሬ ጠዋት።"

ሸዋአለም ወሬውን እንዳልሰማ ሰው የመድኃኒት ካርቶን መቁጠር ጀመረች።

ሥርጉት ወረቀቱን በካሜራ አነሣች፣ የክሊኒኩን የገቢ መዝገብ ቁጥር ጻፈች፣ ሸዋአለምንም ደብዳቤው መቼ ገቢ እንደሆነ በመዝገብ አስመሰከረች። በመመለሻው መንገድ ለስለስ ብላ፣ "ስምሽን አላወጣም፤ አንዲት የቀድሞ ሠራተኛ እላለሁ፤" አለች።

"አይሆንም። ስም ከሌለው ማን ነገረሽ እያሉ አንቺን ነው የሚያስጨንቁት። የእኔን ጻፊው፣ ከነአባቴ። የሚመጣ ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ቤቴን ያውቁታል።"

በማግስቱ ሥርጉት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ስትሰናበት ጉንጫቸውን ሳመች፤ እንደ ሌላ ጊዜው ግን አንገታቸው ውስጥ አልተሸጎጠችም።

ጋዜጣው ዲላ የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባለሱቋ ሐያት አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። "እማማ ጽጌ፣ ይኼ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

ሐያት ጋዜጣውን አጥፋ ሰጠቻቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ጽጌማርያም ማልደው ንጹሕ ቀሚስ ይለብሳሉ። መታወቂያቸውን፣ የጡረታ ደብተራቸውንና መነጽራቸውን በአንድ ቦርሳ አኖሩ። በሩ ትይዩ ሁለት ወንበር አደረጉ፤ ለምርመራ የሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ ሁለት ይሆናሉ ብለው ነው። የሚናገሩትንም አጥንተዋል፦ ልጅቱ የምታውቀው የለም፣ የመታሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ።

ሳምንት አለፈ። ገሪማ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ አሁን በመንገዱ ማዶ አቀርቅሮ ያልፋል። ለጥምቀት ቄጠማ የምትልክላቸው ጎረቤትም ዘንድሮ ረሳቻቸው። ሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ አለፈ።

ሥርጉት ደወለች። የመሬቱ ጉዳይ እንዲጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ድምፅዋ ሩቅ ነበር፣ ግን ደስ ብሏታል። "እቴቴ፣ የመጣብሽ ሰው አለ?"

"የለም። ማንም አልመጣም።"

"ተመስገን። እንዴት ፈርቼ እንደነበር።"

"አትፍሪ። በርሽን ግን ቆልፊ፣ ብቻሽንም አትመላለሺ።" መቼ እንደምትመጣ ሊጠይቋት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ከወዲያ ሰው ጠራትና ቻው አለች።

ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን አንሥተው ወደ ጓዳ መለሱት። ሌላኛው ሥርጉት ብትመጣ ተብሎ በሩ ትይዩ እንደሆነ ቀረ።