ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ

መርከቡ ላይ የሰጡን ክፍል መብራቱ ሲበራ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ አራት እርምጃ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ስንት እንደሚሆን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። እኔ ማጋነን አልወድም፤ የሚያጋንነው ባሌ ነው። እኔ አስካለ እባላለሁ፣ ባሌ ሽብሩ ይባላል፤ አሰላ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ልጃችን ሜላት ደግሞ በዚህ የመዝናኛ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ኬክ ትጋግራለች። ሠራተኛ በዓመት አንዴ ወላጆቹን በነፃ ማሳፈር ይችላል ተብሎ ለአራት ሌሊት አስመጣችን። ነፃ ነውና የሰጡን ክፍል ከታች፣ መስኮት የሌለው ነው። የመብራቱ ማጥፊያ ከራስጌ በእኔ በኩል ነው። ሽብሩ መብራት በርቶ እንቅልፍ አይወስደውም፣ እኔ ደግሞ እሱ እየተገላበጠ አልተኛም፤ ስለዚህ አጠፋሁት።

የመጀመሪያው ሌሊት ሽብሩ ሽንቱ መጥቶ ተነሳ። የተመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

«የት ከርመህ ነው?» አልኩት።

«ራቅ ይላል» አለና ተኛ። እግሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

በማግስቱ ሌሊት እኔ ሄድኩ። አሰላ መብራት ሲጠፋ ሻማ ሳልለኩስ ቤቱን በሙሉ የምዞር ሴት ነኝ፤ ጨለማ ብርቄ አይደለም። እጄን ዘርግቼ፣ ምንጣፉን በእግሬ እየዳሰስኩ፣ አንድ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። መቶ ሃያ ላይ ገና ግድግዳ አልነካሁም። መቶ ሠላሳ ላይ ወንበር ነካሁ። ክፍላችን ውስጥ ወንበር የለም። የሆነው ይሁን ብዬ ተቀመጥኩበት፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፣ ከዚያ ሽብሩን ጠራሁት። «በዚህ ነው፣ በዚህ» እያለ በድምፁ መርቶ አልጋው ጋ አደረሰኝ። ሽንቴን እስኪነጋ ቻልኩት።

ጠዋት ለሜላት ነገርናት።

«የታች ክፍሎች እንደሱ ናቸው፣ እማዬ» አለች። «መብራት አብርታችሁ ተነሱ።»

ምክሯ ጥሩ ነበር። ይሁንና ጨለማው ውስጥ ሰው እያለ መብራት ማብራት ምን እንደሚያስከትል አልነገረችንም። ምናልባትም አታውቅም። እሱን የነገረን በሦስተኛው ሌሊት የመጣው እንግዳ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት፣ መብራቱን አጥፍተን እንደተጋደምን፣ ግርጌያችን ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ የሰው አልጋ ነው መሰለኝ» አለ። በጥሩ አማርኛ ነው የተናገረው።

«ነው» አልኩት። «ማን ልበል?»

«ጣፈጠ እባላለሁ። ጭነት መርከብ ላይ ማሽን ዘይት የማጠጣ ሰው ነኝ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ነበር የተነሳሁት።»

«ከየትኛው ክፍል?»

«ከዚህ መርከብ አይደለሁም። የተነሳሁትም በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው።»

ሽብሩ ተነስቶ ቁጭ አለ። እንግዳ ቆሞ እሱ መጋደም አይችልም። «ኖር፣ ኖር፣ ይቀመጡ እንጂ» አለው። አልጋው በግርጌ በኩል ዝቅ አለ፤ የማሽን ዘይት ሸተተኝ።

አቶ ጣፈጠ ነገሩን ያለ ምሬት አስረዳን። የመርከብ ክፍል ሁሉ መብራቱ ሲጠፋ አንድ ክፍል ነው። እሱ ከአልጋው አሥራ ሁለት እርምጃ እንደራቀ የክፍል ጓደኛው ሲጋራ ሊፈልግ መብራት አበራ።

«መብራት ሲበራ አልጋው ላይ ያልተገኘ ሰው እዚያው ጨለማው ውስጥ ይቀራል» አለ። «ጓደኛዬን አልተቀየምኩትም። አላወቀም።»

ከዚያ ጊዜያችሁን አልውሰድ ብሎ ተነሳ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

«ላድርስዎት» አለ ሽብሩ።

አሰላ ውስጥ ሽብሩን የሚያውቅ ሁሉ ሽኝቱን ያውቃል። እንግዳውን ከቤት እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ አስፋልት ይሸኛል። አንዴ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ዘመዱን «እስከ መናኸሪያ» ብሎ ወጣ፤ ከዚያ «እስከ ከተማው መውጫ» ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ አዳማ አድሮ መጣ። የሄደው በነጠላ ጫማ ነው። የሚያሳዝነው አቶ ጣፈጠም እንደሱ ሆኖ ያደገ ሰው መሆኑ ነው።

ተያይዘው ሄዱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፃቸው ተመልሶ መጣ።

«ይኸው ደረሱ፣ አልጋዎ ጋ ነን» ይላል አቶ ጣፈጠ።

«ታዲያ እርስዎ ብቻዎን በጨለማ ሊመለሱ ነው? አይሆንም። እስከ ወንበሯ ልራመድ።»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ግድ የለም፣ ቅርብ ነው።»

ግርጌዬን አልፈው ሄዱ። ሽብሩ እንግዳውን ያደርሳል፤ እንግዳው ደግሞ ሽብሩ መንገድ እንዳይጠፋው ብሎ ይመልሰዋል። እስኪነጋ ሰባት ጊዜ አለፉ። በስምንተኛው ሽብሩን በፒጃማው ጨምድጄ አልጋው ላይ ጎተትኩት፣ «ደህና ይሁኑ፣ አቶ ጣፈጠ» አልኩና መብራቱን አበራሁ። ክፍሉ እንደገና አራት እርምጃ ሆነ። እንግዳው የለም።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ ሽብሩ። ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ፤ የሜላትን ኬክ እንኳ ሳይቀምስ።

አራተኛው ሌሊት የመጨረሻችን ነበር። መርከቡ ጠዋት ወደብ ይደርሳል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጸጉሯን በሰማያዊ ሻሽ የምታስረው የጽዳት ሠራተኛ በራሷ ቁልፍ ከፍታ መብራቱን ታበራለች። አታንኳኳም፤ ሦስቱንም ቀን አላንኳኳችም። ይህን ለሽብሩ ነገርኩት። «እስከዚያ ስንቴ እመለሳለሁ» አለኝ።

መብራቱን ባናጠፋስ ብዬ ነበር። እሱ ግን ይቅርታ ሳይጠይቀው አገሩ እንደማይገባ ማለ። አጠፋሁት። አቶ ጣፈጠ ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የትናንቱን ረስቶታል፣ ወይም የረሳ መስሏል። ሊሄድ ሲነሳ የነጠላዬን ጫፍ የሽብሩ አንጓ ላይ አሰርኩ።

«እንደ በግ ታስሬ ነው ሰው የምሸኘው?» አለና ፈታው።

በመጀመሪያው ዙር ቶሎ ተመለሱ። በሁለተኛው ቆዩ። በሦስተኛው ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ የሚጣሩ ያህል ነበር። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ተነስቼ እንዳልፈልገው እኔም ልቀር ነው፤ እንዳላበራ እሱ ሊቀር ነው። ፈራሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስነዘንዘው የኖርኩት ሰው ነው፤ ያለ እሱ አሰላ ስገባ፣ የቤቱን ቁልፍ ብቻዬን ስከፍት ታየኝ። ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩና ማሰብ ጀመርኩ።

ሽብሩን መለመን ዋጋ የለውም። እንግዳ እስከሄደ ድረስ እሱ ይሸኛል። ስለዚህ እንግዳው መሄድ የለበትም።

ሊነጋጋ ሲል ድምፃቸው ተመለሰ። ኮሪደሩ ላይ የጽዳቷ ጋሪ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

«አቶ ጣፈጠ» አልኩ፣ «ጨለማ ነው። እዚሁ ይደሩ።»

«ኧረ እንዳላስቸግር።»

«ምን ችግር አለው? አልጋው ሰፊ ነው።»

«ኧረ የለም፣ እትዬ አስካለ፣ ልሂድ።»

ጋሪው በራችን ላይ ቆመ።

«በሞቴ» አልኩት።

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ይላል? ጫማውን ሲያወልቅ ሰማሁ። ሽብሩን ወደ መሃል ሳብኩት፤ አቶ ጣፈጠ ከወዲያ በኩል ተጋደመ። ቁልፉ ገባ።

«አላችሁ?» አልኩ።

«አለን» አሉ ሁለት ድምፆች።

መብራቱ በራ። ሽብሩ አጠገቤ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ከእሱ ወዲያ ማንም የለም፤ ፍራሹ ግን ጎድጉዷል፣ ትራሱም ዘይት ነክቶታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ትራሱን አየችና ገላመጠችን። ይገባታል። እኔ ሽብሩን ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ሳምኩት። እሱም ኩርፊያውን ተወ።

አሰላ ገባን። አንድ ወር አለፈ። መብራት በቀን ጠፍቶ ማታ ይመጣ ነበር፤ የመኝታ ቤቱን አጥፍተን ብንተኛም የደጁ መብራት በመስኮት ስለሚገባ ድፍን አይጨልምም፣ ስለዚህ ምንም አልተፈጠረም።

ዛሬ ማታ ግን ከተኛን በኋላ ጠፋ። ደጅ ያለው ሁሉ ድርግም አለ፤ የእኛን ማብሪያ ተጫንኩት፣ አልበራም። ከሽብሩ ወዲያ አልጋው ተንቋቋ።

«በጣም ደህና ተኛሁ» አለ አቶ ጣፈጠ። «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ልሂድ።»

«ይደሩ እንጂ» አልኩ።

«አድሬያለሁ እኮ፣ እትዬ አስካለ።»

እውነቱን ነው። ለካ መርከቡ ላይ አልጋችን ውስጥ ስላደረ አብሮን አሰላ ገብቷል። ሽብሩ ነጠላ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ ሰማሁት።

«እስከ በር ብቻ» አለኝ።

የሽብሩን በር አውቀዋለሁ። እሱን በሞቴ ብዬ ባስቀረው እንግዳው ፊት ሌላ ውርደት ይሆንበታል፤ እንግዳውንም እንደገና በሞቴ እንዳልለው አንድ ቃል በአንድ ሰው ላይ ሁለቴ አይሠራም። አልጋው ላይ ተቀምጬ ድምፁ ሲርቅ ልሰማ? አንዴ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ነጠላዬን ደረብኩና እጁን ያዝኩት።

«አንቺ ደግሞ የት ነው?» አለኝ።

«ላድርሳችሁ» አልኩት።

ከአልጋችን እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። እኔ አሁን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ነኝ። ወንበሯን ካለፍናት ቆየን። ሁለቱ ከፊቴ «በቃ ይመለሱ»፣ «ትንሽ ልራመድ» ይባባላሉ። አንዳንዴ በጎናችን ሌሎች ሰዎች ያልፋሉ፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን። የሽብሩ እጅ ሞቃት ነው። አልለቀውም።

አሁን ዞር ብዬ አየሁ። አሰላ መብራት መጥቷል። መኝታ ቤታችን ከኋላችን በርቶ ይታያል፤ የክብሪት ቀፎ ያክላል። አልጋው ባዶ ነው፣ ብርድ ልብሱ እንደተገለጠ ነው።

«ሽብሩ፣ መብራት መጣ» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ስንመለስ ይታየናል።»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ያቺው ሰማያዊ ሻሽ የምታስረው የጽዳት ሠራተኛ ገባች። አልጋውን አነጠፈች፣ ሦስት ትራስ አንድ በአንድ እየመታች ደረደረች፣ ዙሪያዋን አየችና መብራቱን አጠፋችው።