አሥረኛው ፊርማ

«ኮላውን ተዪና ግቢ!» አለ ላጲሶ ከውስጥ ሆኖ።

ራሕማ ማማሰያውን እንደያዘች ቀና አለች። ወደ ስብሰባ ስትጠራ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በቦሌ ሚካኤሉ የእንጨት ሥራ ማኅበር በደንብ ያልተጻፈ፣ ከደንብም የጠነከረ አንድ ልማድ ነበር፤ አባላቱ ሲሰበሰቡ እሳት ላይ የተጣደውን ኮላ የምትጠብቀው እሷ ናት። ባሏ ሰዲቅ አባል ነበር። ሲሞት «አባልነት አይወረስም» አሏትና ወንበር በብርጭቆ ወረቀት የምትፈትግ የቀን ሠራተኛ ሆና ቀረች። ስብሰባው ሲያበቃ ውጭ ወጥቶ የተወሰነውን የሚነግራት ተወልደብርሃን ብቻ ነበር። እሱም ባለፈው ነሐሴ «ኤርትራዊ ነህ» ተብሎ ከቤቱ ተወሰደና በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር ተሻገረ። መላጊያው እስካሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያሻው ሁሉ ይሠራበታል።

ዘጠኙ ወንዶች በከፊል ያለቀ ቁም ሣጥን ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ዓለምሰገድ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

«አዲሱ አዋጅ ከአሥር ያነሰ ሰው ማኅበር አይሆንም ይላል» አሏት። «እስከ ነገ ካልተመዘገብን ቀበሌው ይህን ቤት ይነጥቀናል። አሥረኛዋ አንቺ ነሽ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሴት ነበርኩ፤ ዛሬ ሰው ሆንኩ ጋሼ?»

ላጲሶ ሳቀ። «ምን እናድርግ፣ ከውጭ ሰው ብናመጣ በሳምንቱ ሊቀ መንበር ልሁን ይለናል!»

ብዕሩን ተቀበለች። ከቅጹ ሥር ግን ቃለ ጉባኤ ነበር። ቀስ ብላ አነበበችው፦ አባል ተወልደብርሃን ማኅበሩን በገዛ ፈቃዱ ስለለቀቀ በምትኩ ራሕማ ገብታለች።

«በገዛ ፈቃዱ?»

የላጲሶ ሳቅ ጠፋ። «ኦሎምፒያ ያለው መዝጋቢ ሦስት ምክንያት ነው የሚቀበለው። ሞተ፣ በጥፋት ተሰናበተ፣ በፈቃዱ ለቀቀ። ሞተ እንዳንል በሕይወት አለ። ጥፋት እንዳንል ምን አጠፋ?»

«ወሰዱት ብላችሁ ጻፉዋ።»

«ለሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

«ሲመለስስ?»

«በፈቃዱ የለቀቀ ሰው እንደ አዲስ ያመለክታል» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ።

ሰዲቅ በሞተ ሰሞን፣ በዚሁ ክፍል ውስጥ፣ «ቦታው የሷ ነው» ብሎ ብቻውን እጁን ያወጣው ተወልደብርሃን ነበር። ይህን እሱ አንድም ቀን አልነገራትም፤ ከዓመታት በኋላ ከላጲሶ ነው የሰማችው። እነሆ ያ ቦታ ዛሬ መጣላት፤ የመጣው ግን የሰዲቅ ሳይሆን የተወልደብርሃን ሆኖ ነበር። ሁለቱን ልጆቿን አሰበች። ቤቱ ከተነጠቀ የምትፈትገው ወንበር እንኳ እንደማይኖር አሰበች።

ፈረመች።

«በይ እንግዲህ አባል ነሽ፤ ተቀመጪ» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ባዶ በርጩማ እየጠቆሙ። የማን እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።

«ኮላው ያርራል» አለች።

«ተዪው፣ ላጲሶ ያየዋል።»

ሻርፗን አስተካክላ ወጣች፤ ማማሰያውንም አነሣች። ከውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ቀጠለ። ዛሬ ወጥቶ የተወሰነውን የሚነግራት አልነበረም፤ አላስፈለጋትምም።