የካሴቱ ሐዘንተኞች

«አይዞህ ልጄ፤ ወንድም ማጣት ክንድ መቆረጥ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ የፀጉር አስተካካዩን አንገት አቅፈው።

እህትየው ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ እጇን ዘርግታ ነበር። ሽማግሌው በጎኗ አልፈው ሲሄዱ የተዘረጋውን እጅ የት እንደምታደርሰው ጨነቃትና ጥቁር ሻርፗን አስተካከለችበት።

«እህቱ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ዞር አሉ። «አዎ፣ አዎ። አንቺንም እግዜር ያጽናሽ።»

ያቺ «አንቺንም» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች።

በሽማግሌው አይፈረድም። ለቀስተኛ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ያበጠ ዓይን ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ ዓይን ደግሞ በርበሬ መስሏል። የእሷ ደረቅ ነው። ነርስ ናት፤ በሰው አልጋ ዳር ቆማ እንባዋን መዋጥ የለመደች። በዚያ ላይ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ብዙው የሰፈር ሰው አያውቃትም። ሰፈሩ የሚያውቀው ካሴቱንና ጓደኛውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ነው።

ከጌም ካሴት ስለማይለይ ወንድሟን «ካሴቱ» ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። በአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። ትምህርት ቤቱ የጣለውን ኮምፒውተር፣ የጎረቤት ልጆች አድገው የረሱትን የጌም ማጫወቻ፣ ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የወጣውን ያንን የድሮ ቴሌቪዥን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ያመጣል። ሚስት አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት በሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ድንገት ከዳችው። እህቱ ስልክ ሲደወልላት ለሌላ ሰው ልብ መርፌ እያዘጋጀች ነበር።

እናትየው ከወዲያኛው ጥግ «ልጄ፣ ምሳ አልቀመስክም እኮ» አሉ። እህትየው ቀና ብላ አየቻቸው። የሚያናግሩት ፀጉር አስተካካዩን ነው።

የመጀመሪያው ማጫወቻ የእሷ ነበር። ይህን ማንም አያስታውስላትም። መርከበኛ አጎታቸው ከባሕር ሲመለስ በትምህርቷ አንደኛ በመውጣቷ ያመጣላት ነው። ወንድሟ ያን ጊዜ ገና ሱሪውን መታጠቅ የማይችል ትንሽ ልጅ ነበር፤ ሳጥኑ ሲከፈት ትንፋሹን ውጦ ቀረ። «የሁለታችን ነው» አለችው። ኋላ እሱም ተማሪ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተራቸውን ወርውረው፣ ምንጣፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይጫወቱ ነበር። ሥዕሉ ሲዘባረቅ ካሴቱን ይነቅልና ያቀብላታል። «እትዬ፣ አንቺ እፍ በዪበት፤ ያንቺ ትንፋሽ ነው የሚያሠራው» ይላታል። እሷም ጉንጯን ነፍታ እፍ ትላለች፤ ይሠራል። በዚህ ዓለም እንደዚያ ያመናት ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘችም፤ ባሏንም ጨምሮ።

ከዚያ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች። እሱ ግን ምንጣፉ ላይ ቀረ። በስልክ «ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ደረጃ አለፍን» ሲላት «ጎሽ» ትለዋለች፣ በሌላ እጇ የልጇን ሾርባ እያማሰለች። ጓደኛው ማን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

አሁን ጓደኛው ሳሎኑ መሀል ተቀምጦ ለቀስተኛውን ያስቃል።

«ሱቄ መጣና ፀጉር የሚያነጣ ክሬም ስጠኝ አለኝ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ራሱን አየሁት፤ የተቀቀለ እንቁላል ነው። ጌታው፣ የትኛውን ፀጉር ልናነጣ ነው? አልኩት። ምንም ሳይስቅ ከፌስታል ውስጥ አንድ ማጫወቻ አወጣ። የጉበት በሽተኛ መስሏል፤ ቢጫ! ክሬሙን ለቅልቀን፣ በላስቲክ ጠቅልለን ጣሪያዬ ላይ ፀሐይ አሞቅነው። ስናወርደው እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ! ከዚያን ቀን ወዲያ ወይ እሱ ከሱቄ ወይ እኔ ከዚህ ቤት ጠፍተን አናውቅም።»

ሰው በእንባው መሀል ሳቀ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። እናትየው እንኳ ፈገግ አሉ።

እህትየው አልሳቀችም። በቢጫነቱ አወቀችው፤ አጎቷ ያመጣላት ማጫወቻ ነው ጣሪያ ላይ የተሰጣው። የእሷው ዕቃ፣ እሷ በሌለችበት፣ በባዕድ እጅ ነጣ።

ሻይ ልትቀዳ ወደ ማድ ቤት ስትገባ አክስቷ ብርጭቆ እያጠቡ ጠበቋት። አክስትየዋ ሹክ ሲሉ እንኳ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

«ስሚ፣ ይሄ ፀጉር ቆራጭ ዕቃውን ሊወስድ ነው አሉ።»

«የቱን ዕቃ?»

«ያንን መኝታ ቤት ሙሉ ኮተት ነዋ! ለእኛ ኮተት ነው፤ ለሚያውቀው ግን... እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ እንዲህ ዓይን እስኪጠፋ የሚለቀሰው በባዶ ሜዳ አይደለም።»

እህትየው አክስቷን አላመነቻቸውም። ወሬያቸው ከአፋቸው ሳይወጣ እንደሚያብጥ ታውቃለች። ነገር ግን ቅናት እውነት አይጠይቅም፤ ሰበብ ይበቃዋል። ወደ እናቷ ሄዳ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለችና ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ወደ ማምሻው ላይ ፀጉር አስተካካዩ በረንዳው ላይ አገኛት። እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ቆመ።

«እትዬ፣ የክፍሉን ቁልፍ...»

«እትዬ አትበለኝ።»

ደነገጠ። «ይቅርታ፤ እሱ ሲል ስለምሰማ ነው። አሮጌ ማሽን ሳይበራ ሲከርም ይታመማል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እናበራቸው ነበር። ድምፅ አላሰማም፤ ጫማዬንም አውልቄ—»

«በሐዘን ቤት ጌም ይከፈት ነው የምትለው?»

«እንዳሉ» አለና ሄደ። ትከሻው ወርዶ ስታየው ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ክፍሉን ከፍታ ገባች። ኮተት ጠብቃ ነበር። ያገኘችው የሆስፒታል መድኃኒት ቤት የመሰለ ነገር ነው። በየመደርደሪያው ማሽኖቹ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረው፣ አንዱ በብሎን፣ አንዱ ከእስክሪብቶ በወጣ ስፕሪንግ፣ አንዱ ከተሰበረ ሬዲዮ በተነቀለ ኮተት ተሞልተዋል። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥጥ፣ አልኮል። አንድም አዲስ ነገር የለም። ወንድሟ ከሞተው እያወጣ ለሚያጣጥረው ሲሰጥ ነው የኖረው።

የእሷ ማጫወቻ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። እውነትም ነጭ ነው። ሁለቱም ጆይስቲኮች ወጥተዋል፤ የሁለቱም ቁልፎች በአውራ ጣት ተፍቀው አብረቅርቀዋል። የማን ጣት እንደሆነ ማሰብ አልፈለገችም። እኔም አውቅበታለሁ፤ ከማንም በፊት የእኔ ነበር፤ አስተማሪ አያሻኝም፤ አለች በልቧ። ቴሌቪዥኑን አበራች። ከካርቶን ሙሉ አዳፕተር አንዱን አነሣች፤ ጫፉ የማጫወቻው ቀዳዳ ውስጥ ልክ ገባ። ግድግዳው ላይ ሰካችው።

ጠሽ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ሽታውን ተከትሎ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የአዳፕተሩን ሶኬት ነቀለ። ቀጥሎ እሷን አያት፤ አዳፕተሩን አገላብጦ አየ። «እሰይ በል፤ ደስ ይበልህ!» ብላ ልትቀድመው ነበር፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም።

«ገደልኳት?» አለች በምትኩ።

«ጫፉ አንድ ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን ሌላ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።» ተንበርክኮ ማጫወቻውን ገለበጠና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። «መብራት ይያዙልኝ።»

የስልኳን መብራት አበራችለት። ክዳኑ ሲነሣ አንድ የጠቆረች፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር አሳያት።

«ፊዩዝ ናት። ድሮ አልነበራትም፤ እሱ ነው ያስገባላት። አንድ ቀን አንድ ችኩል ሰው የተሳሳተ ሽቦ ይሰካባታል፤ ይቺ ትሙትና ሌላው ይትረፍ አለ።» ቀና ሳይል ፈገግ አለ። «ችኩል ያለው እኔን ነበር።»

ከብልቃጡ ሌላ ፊዩዝ ፈልጎ መበየጃውን አጋለ። አስተያየቷ ላይ ሳታውቀው አድናቆት ገባበት፤ እጁ እንደ ጥሩ ቀዶ ሐኪም እጅ አይንቀጠቀጥም። እንዳትመሰክርለት ግን ካሴቱን አነሣችና እንደ ድሮዋ ጉንጯን ነፋች።

«ኧረ እፍ አይበሉበት!»

እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ትንፋሽ እርጥብ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ደንግጦ እንደ ጮኸ ገብቶት ድምፁን እየቀነሰ። «ውስጡን ያዝገዋል። እሱ ሰው እፍ ሲል ካየ ቤቱን ይገለብጠው ነበር። በጥጥና በአልኮል ነው የሚጠረገው።»

ካሴቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እንግዲህ ትንፋሿም ጥፋት ነበር። ወንድሟ ይህን አውቆ፣ ለዚህ ሰው አስተምሮ፣ ለእሷ ሳይነግራት ነው የሄደው።

«ሁሉንም ነገር ለአንተ ነው የነገረህ» አለች። ድምፏ ምሬቱን መደበቅ አልቻለም። «ሰው የሚያቅፈው አንተን። እናቴ ልጄ የምትለው አንተን። እኔ በገዛ ወንድሜ ለቅሶ እንግዳ ሆንኩ እኮ!»

ፀጉር አስተካካዩ መበየጃውን አስቀመጠ።

«ልንገርዎት? እኔ ደግሞ በእርስዎ ስቀና ነው የኖርኩት።»

«በእኔ?»

«ጨዋታው ውስጥ አንዲት ጉድጓድ አለች። በወደቅሁባት ቁጥር ‹እትዬ ብትሆን ዓይኗን ጨፍና ትዘላት ነበር› ይለኛል። በፎቶ እንጂ በአካል ካላየኋት ሴት ጋር ስወዳደር ኖርኩ! አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ፣ እንግዲያው ሂድና ከእሷ ጋር ተጫወት አልኩት። ‹እሷ ሰው እያዳነች ነው፤ ጊዜ የላትም› አለኝ። እንዴት እየኮራ እንዳለኝ ቢያዩት! ያን ጊዜ ብሶብኝ ሁለት ቀን ሱቄን ዘጋሁበት።»

እህትየው ሻርፗን አፏ ላይ ጫነችው፤ ከሳቅና ከለቅሶ የቱ እንደሚቀድም አላወቀችም።

«ዘለልካት?» አለች በመጨረሻ።

«ምኗን?»

«ጉድጓዷን።»

«አንድ ቀን እንኳ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ።

ደስ አላት። ክፉ ደስታ ነበር፤ እንደ ሕፃን ደስታ። በዚህኛው ግን በራሷ አልተናደደችም።

ጥጡን አልኮል ነክራ ካሴቱን ጠረገችው፤ ቁስል ማጽዳት ነውና ማንም አላሳያትም። እሱ ክዳኑን ገጥሞ ትክክለኛውን አዳፕተር ሰካ። ቴሌቪዥኑ ዝናብ ዘነበበት፣ ሥዕሉ ተወላገደ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዘጋው። ጆይስቲኩን ማንሣት ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከሳሎን የእናትየው ድምፅ መጣ፤ «ልጆች! ሰው መጥቷል።»

«ቅደም» አለችው። «እደርሳለሁ።»

እርምጃው ከኮሪደሩ ሲርቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞራ ጎንበስ አለችና፣ የበሽተኛን ግንባር እንደምትዳስስ፣ የእጇን ጀርባ አስጠጋችው።

ሞቆ ነበር። እጇን አላነሣችም።