የሮይስ እጅ ሲንቀጠቀጥ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ የኔ ካነሰም የጎረቤቴ ይጨመርበት።

ኔቫዳ በረሃ ውስጥ፣ ኤልኮ ከተማ፣ ዴልበርት የሚባል ፖከር ተጫዋች አለ። ካርታውን ትቶ ሰውየውን ያነባል። ካርታውን አየት አድርጎ ዓይኑ ወደ ገንዘቡ የሸሸ ጥሩ ነገር ይዟል፤ አፍጥጦ የሚያይህ ባዶ ነው፤ ትንፋሹን የዋጠ እየዋሸ ነው። ይህንንስ ማንም ቁማርተኛ ያውቀዋል። ዴልበርት ግን አንዲት ሴትዮ ካርታ ስታነሳ አይቶ «እመቤቴ፣ መንታ ነው» አላት። ወለደች፤ መንታ!

ባለፈው የበረዶ ወራት ሚስቱ አርሊታ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማውም። ቢቆነጥጡትም ቢቀልዱበትም ያው ነው። ፊቱ ሳንቃ ሆነ። ዝንብ የዓይኑ ብሌን ላይ ተራምዳ ስታልፍ አይርገበገብም። ካርታ አዳይዋ ቨርና በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ አፍንጫው ሥር መስታወት ትይዝበታለች። እሱን ሊያነቡ ከሬኖ ከተማ ድረስ የመጡ ቁማርተኞች ሲያፈጡበት እንቅልፍ ጥሏቸው ከነወንበራቸው ተዘርግተዋል። ያሸንፋል። ማሸነፉም አይሰማውም።

ጣጣው የአርሊታ መኪና ናት፤ አሮጌ ፒካፕ። ወንድሟ ሮይስ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ «በአባታችን ከብት ነው የተገዛችው፤ የኔ ናት» ይላል። ዴልበርት ከመኪናዋና ከቀለበቷ ሌላ ከሚስቱ የሚነካው ነገር አልቀረውም፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አስነስቶ ዝም ብሎ ይቀመጥባታል። ሁለቱ ከፖከር በቀር የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው እሑድ ከሰዓት ቨርና ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። አንድ ዙር ብቻ፤ የመኪናዋ ቁልፍ በሮይስ ፈረስ ተወራርዶ።

ዴልበርት ሁለት ንግሥት ደረሰው። የማይናቅ ካርታ ነው።

«አማቼ፣ ፊትህን የት ቀብረኸው መጣህ?» አለ ሮይስ።

«ተጫወት።»

«ቨርና፣ ይሄ ሰውዬ ሲተነፍስ ያየሽው መቼ ነው?»

«የፋሲካ ዕለት፤ እሱም ማዛጋት ነበር» አለች ቨርና።

ሮይስ ወንበሩን ሳበ። «እንግዲህ ፈረሱ ላይ ኮርቻውን ከነልጓሙ ጨምሬያለሁ። አንተም ያንን ቀለበት ጨምር።»

የአርሊታን ቀለበት ማለቱ ነው። ዴልበርት ትንሿ ጣቱ ላይ አጥልቆታል። ቀለበቱን ከጨመረ ካርታ ይገለጣል፤ ካልጨመረ ካርታውን ይጥላል፣ መኪናዋም ትሄዳለች።

ዴልበርት ቀና ብሎ አየው። የሮይስ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጀማሪ ቢሆን «ፈራ» ይላል። የበሰለ ቁማርተኛ ግን እየዋሸ ያለ ሰው እጁ ድንጋይ እንደሚሆን ያውቃል፤ የሚንቀጠቀጠው ትልቅ ካርታ የያዘ ነው። ሮይስ ደግሞ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አስ የሚባለውን ትልቁን ካርታ በያዘ ቁጥር እጁ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዴልበርት ቀለበቱን ነካ። የሆነ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። የመጣ ነገር የለም። ካርታውን ጣለና ቁልፉን በጣቱ ገፋ አደረገለት።

«ውሰዳት።»

ተከትሎት ወጣ፤ አስቦበት አይደለም፣ እግሩ ስለሄደ ነው። ሮይስ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉን ሊከት ይታገላል። ቁልፉ በግራ ይንሸራተታል፣ በቀኝ ይንሸራተታል፣ ቀዳዳውን ስቶ ዳር ዳሩን ይጭራል። ጨዋታው አልቋል፤ እጁ ግን አላቆመም።

ሌላ ሰው ቢሆን ገና ጠረጴዛው ላይ «ይሄ ሰውዬ ታሟል» ይል ነበር። ዴልበርት ግን አስ ነው ያየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው።

«በረዶው ከቀለጠ ወዲህ።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። የበሽታውን ስም ነገረኝ። ረጅም ነው፤ ግማሹ ላይ መስማት አቆምኩ።»

«ምን ነበር የያዝከው?»

«ሰባትና ሁለት። ከዚያ የባሰ ካርታ ገና አልታተመም።»

«ወንድ ልጅ በገዛ በሽታው ያታልላል?»

«ደህና እያለሁ ዕድሜ ልክህን በዚህ እጄ መንቀጥቀጥ ስትግጠኝ ኖረሃል! አሁን እንኳ ለኔ ይሥራልኝ እንጂ።»

ዴልበርት በሩን ከፈተ። «ውረድና በዚያ ማዶ ግባ።»

«መኪናዋ የኔ ናት!»

«ያንተ ናት። እኔ ነኝ የምነዳት። ነገም እመጣለሁ፤ የት እንደምትሄድ አስብበት።»

ሮይስ እየተሳደበ ዞሮ ገባ። ዴልበርት ቁልፉን አዞረ። ዋናውን መንገድ ሲይዙ በዴልበርት ቀኝ ጉንጭ አንዲት እንባ ወርዳ አገጩ ላይ ቆመች።

እሺ፣ እሺ። መንታዎቹም ዝንቧም እውነት ናቸው፤ እንባዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሮይስ እስከ ቤቱ በር ድረስ አፍጥጦ ፈልጎ አጥቷታል።